ከባልደረቦች ጋር ወደ ቋንቋ መምህራን ጉባኤ መሄድ፦ ከምዝገባ እስከ ክፍል

አራት የቋንቋ መምህራን አብረው ወደ ጉባኤ ይሄዳሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አራቱም አንድ ዓይነት ገለጻ ይሰማሉ፣ አንድ ዓይነት ስላይድ በስልካቸው ያነሳሉ። ሰርተፍኬትና በብሮሹር የተሞላ ቦርሳ ይዘው ይመለሳሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍላቸው ገብታችሁ ብታዩ ግን የሚያስተምሩት እንደ ድሮው ነው።

ይህ ደጋግሞ ይከሰታል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ቀድመው መወሰን የነበረባቸው ሦስት ነገሮች ሳይወሰኑ ስለሚኬድ ነው፦ ምን ፍለጋ እንደምንሄድ፣ ማን የት እንደሚገባ፣ ስንመለስ ማን ምን እንደሚሞክር። ይህ መመሪያ ከሁለት እስከ ስድስት ሆናችሁ ለምትሄዱ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ደረጃ 1 ወይም ደረጃ 5 ከተዘለለ የቀረው ሁሉ ድካም ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄያችሁን ጻፉ

የጉባኤውን ድረ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ክፍል የመጣ አንድ ጥያቄ ይጻፍ።

«የንግግር ክህሎትን እንዴት ላስተምር?» የሚለው ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ርዕስ ሥር ብዙ ገለጻ ይኖራል፤ የትኛው እንደሚጠቅማችሁ መለየት አትችሉም። እንዲህ ይሁን፦ «60 ተማሪ ባለበት ክፍል በጥንድ ተነጋገሩ ስላቸው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ይመለሳል። ምን ላድርግ?» ወይም፦ «ድርሰት አርሜ እመልሳለሁ። ተማሪዎቹ ውጤታቸውን አይተው ወረቀቱን ያጥፉታል፤ እርማቱን አያነቡትም። እንዲጠቀሙበት እንዴት ላድርግ?»

ጥያቄው በቂ መሆኑን በዚህ ፈትኑ። የትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገራል? በትምህርቱ የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚበላሽ ያሳያል? እስካሁን ምን ሞክራችሁ እንዳልሠራ ታውቃላችሁ? ሦስቱንም ካሟላ ያዙት።

ከግል ጥያቄዎቹ ሌላ አንድ የጋራ ጥያቄ ምረጡ። የትምህርት ክፍላችሁን በሙሉ የሚያስጨንቅ ይሁን፤ ለምሳሌ የማዳመጥ ፈተና አወጣጥ።

*ቢያስቸግርስ፦* «እኔ ዝም ብዬ አይቼ ልምጣ» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። አትጫኑት። «ባለፈው ሳምንት ከየትኛው ክፍል ተናድደህ ወጣህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰው ነገር ጥያቄው ነው። ጻፉለት።

ደረጃ 2፦ ጉባኤውን ምረጡ፣ እውነተኛ መሆኑንም አጣሩ

ሁሉም ጉባኤ ለሁሉም አይሆንም። ቴሶል እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ሲሆን ዓመታዊ ጉባኤው ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ማርች አካባቢ ይካሄዳል። አያቴፍልም እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ሲሆን ጉባኤው በአብዛኛው ኤፕሪል ላይ ነው። አክትፍል የተባለው ማኅበር የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ የተለያዩ ቋንቋዎች መምህራንን ያሰባስባል፤ ጊዜውም ኖቬምበር ነው። በየሦስት ዓመቱ የሚካሄደው የአይላ (የዓለም አቀፉ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማኅበር) ጉባኤ ደግሞ ወደ ምርምር ያደላል። ነገ ጠዋት ክፍል ይዛችሁት የምትገቡትን ነገር የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያ ምርጫችሁ አይሁን።

ለመጀመሪያ ጊዜ በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ትንሽ ጉባኤ ምረጡ። የአገራችሁ ወይም የአካባቢያችሁ የመምህራን ማኅበር የሚያዘጋጀው ይሻላል። በግዙፎቹ ጉባኤዎች በመቶ የሚቆጠር ገለጻ አለ፤ አዲስ ሰው ይጠፋል። በትንሹ ጉባኤ ጠዋት የሰማችኋትን አቅራቢ ምሳ ሰዓት ላይ ታገኟታላችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚዘጋጁ የይስሙላ ጉባኤዎች አሉ። የግብዣ ኢሜይላቸው «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምራል። መምህር ሲመሰገን ደስ ይለዋል፤ ወጥመዱም እዚያው ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ፦

- አንድ ጉባኤ የቋንቋ ትምህርትን፣ ሕክምናን፣ ምህንድስናንና ግብርናን በአንድ ቀን በአንድ አዳራሽ እይዛለሁ ካለ ራቁት።
- የላካችሁትን አብስትራክት (ልታቀርቡት ያሰባችሁትን ገለጻ አጭር ማጠቃለያ) በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል፣ ክፈሉ» ካላችሁ ማንም አላነበበውም።
- ያለፈው ዓመት ፕሮግራም ይታያል? የአቅራቢዎች ስምና ርዕስ ያለበት ሰነድ ከሌለ ጠርጥሩ።
- ክፍያው የሚገባው በድርጅት ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ?
- አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ስማቸው ከተዘረዘረው ለአንዱ በሚሠሩበት ተቋም ኢሜይል ጻፉና ጠይቁ። ስማቸው መጠቀሱን የማያውቁ ሰዎች ያጋጥማሉ።

*ከከፈላችሁ በኋላ ከጠረጠራችሁስ?* በቪዛ ጉዳይ፣ በትኬትና በማረፊያ ላይ ተጨማሪ አታውጡ። በካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ባንካችሁን ዛሬውኑ አናግሩ። የተላላካችሁትን ኢሜይል አታጥፉ።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ፣ ገንዘብና ተተኪ

ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለትምህርት ክፍል ኃላፊው የምትጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አራት ነገሮች ይኑሩት፦ ቀኑ፣ ጠቅላላ ወጪው በዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ማን እንደሚሸፍን፣ ስትመለሱ ለሌሎቹ መምህራን ምን እንደምታቀርቡና መቼ። ብዙ ጥያቄ ውድቅ የሚሆነው በሦስተኛው ምክንያት ነው። ኃላፊው ገንዘቡን ሊያገኝ ይችላል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚጮሁ ተማሪዎችን ግን አይፈልግም።

ለተተኪው መምህር አዲስ ሰዋስው አትተዉለት። ያለ እናንተ የሚሄድ ሥራ ስጡት፦ ክለሳ፣ ከጥያቄ ጋር የተዘጋጀ ምንባብ፣ ወይም የተጀመረ ድርሰት ማስተካከል። ወረቀቱን አባዝታችሁ ሂዱ። «ፋይሉን እልክልሃለሁ» ማለት ጣጣ ነው፤ ጠዋት መብራት ወይም ኔትዎርክ ከጠፋ ክፍሉ ባዶ ቀረ ማለት ነው።

ስለ ክፍያ ሦስት ነገር እወቁ። ቀድሞ የተመዘገበ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ይከፍላል። በቡድን ለሚመዘገቡ ቅናሽ የሚሰጡ አሉ፤ ድረ ገጹ ላይ ባይጻፍም ጠይቁ። ገለጻ ማቅረብ ከክፍያ ነፃ ያደርጋል ብላችሁ ግን አትገምቱ። በብዙ ጉባኤዎች አቅራቢውም እንደ ተሳታፊ ይከፍላል።

ወደ ሌላ አገር የምትጓዙ ከሆነ በፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ስም፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ ተመዝገቡ። የግብዣ ደብዳቤው በዚያ ስም ነው የሚወጣው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ቪዛ ላይ ያስቸግራል።

*ከአራታችሁ ለሁለቱ ብቻ ቢፈቀድስ?* የቀሩትን አትተዉ። ጥያቄያቸውን ይዛችሁላቸው ሂዱ። ማታ ማታ ስትሰበሰቡ በስልክ አስገቧቸው። ስትመለሱ መጀመሪያ የሚሞክሩት እነሱ ይሁኑ። በዚህ መንገድ ቅሬታውም ይበርዳል፣ ሐሳቡም ይሰፋል።

ደረጃ 4፦ ማቅረብ ከፈለጋችሁ

ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ከፈለጋችሁ ግን ቀድማችሁ ተነሱ። የአብስትራክት ማስገቢያው ከጉባኤው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ይዘጋል።

የመጀመሪያችሁ ከሆነ ፖስተር ምረጡ፤ ሥራችሁን በትልቅ ወረቀት ላይ አሳይታችሁ አጠገቡ ትቆማላችሁ። ፖስተር ፊት ለፊት ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ያናግሯችኋል። ከመድረክ ፍርሃት ያድናል፤ የምታገኙት አስተያየትም ከአዳራሹ ይልቅ የበሰለ ነው።

አብስትራክቱን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ክፍላችሁ ውስጥ የነበረው ችግር፣ የሞከራችሁት ነገር፣ ያያችሁት ለውጥ፣ ታዳሚው ይዞት የሚሄደው ነገር። የቃላት ገደቡን በአንድ ቃል እንኳ አትለፉ። የማስገቢያው ገጽ ከገደቡ ያለፈውን ዝም ብሎ ሊቆርጠው ይችላል፤ የሚቆረጠው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስቀመጣችሁት ዋናው ነገር ነው።

በጋራ ስታቀርቡ ሥራውን በስላይድ ቁጥር አትከፋፈሉ። አንዱ ችግሩን፣ ሌላዋ የተሞከረውን፣ ሦስተኛው ውጤቱን ይያዝ። የተለመደው ጊዜ 20 ደቂቃ ገለጻና 10 ደቂቃ ጥያቄ ከሆነ ለ17 ደቂቃ ተዘጋጁ። ማይክ ሲቀባበሉና ፋይል ሲከፍቱ የቀረው ደቂቃ ይሄዳል። ሰዓት የሚይዝ አንድ ሰው ከፊት ረድፍ አስቀምጡ። እጁን ሲያነሳ የሚናገረው ሰው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ይቀመጥ።

ቋንቋ አስተማሪን ብቻ የሚያጋጥም አንድ ጣጣ አለ፦ ፊደል። የግዕዝ፣ የዓረብኛ ወይም የቻይንኛ ጽሑፍ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፎንቱ ከሌለ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ስላይዱን በፒዲኤፍም አስቀምጡ። በፍላሽ ያዙ፣ ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩ። የድምፅ ቅጂ የምታሰሙ ከሆነ ፋይሉን አውርዳችሁ ያዙት፤ ከኢንተርኔት በቀጥታ አጫውታለሁ ብላችሁ አትመኑ። የተማሪ ፎቶ ወይም የተማሪ ጽሑፍ የምታሳዩ ከሆነ ከተማሪውና ከወላጁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ስሙንም ሸፍኑ።

*ውድቅ ቢደረግስ?* የገምጋሚዎቹን አስተያየት ጠይቁ። ሐሳቡን አጥብባችሁ በሌላ ጉባኤ ወይም በፖስተር ሞክሩ። ውድቅ የሚሆነው አብዛኛው አብስትራክት ሐሳቡ ደካማ ሆኖ ሳይሆን በ20 ደቂቃ የማያልቅ ነገር ቃል ስለሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 5፦ ፕሮግራሙን ተከፋፈሉ

አብሮ የመሄድ ጥቅም ያለው እዚህ ነው። አራት ሰው በአራት ክፍል ገብቶ አራት ገለጻ ማምጣት ሲችል አራቱም አንድ ክፍል ከተቀመጡ ሦስቱ የመጡት ለመሸኘት ነው።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት እንዲህ አድርጉ።

1. እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ፕሮግራሙን ለብቻው ያንብብ። ርዕሱን ሳይሆን አብስትራክቱን አንብቡ። ርዕስ ያታልላል። ቆንጆ ርዕስ ያለው ገለጻ ውስጡ ባዶ ሊሆን፣ ደረቅ ርዕስ ያለው ደግሞ የምትፈልጉትን መልስ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል።

2. ከጥያቄያችሁ ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን ሁለት ኮከብ፣ በጎን የሚነካውን አንድ ኮከብ ስጡ። የቀረውን እለፉ። «የሚስብ ነው» ብቻ ኮከብ አያሰጥም።

3. ተገናኙና ሰንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል ሰዓቱን፣ በሌላ በኩል ስማችሁን ጻፉ። በአንድ ሰዓት ሁለት ሰው አንድ ክፍል አይግባ። ከዚህ ሕግ ሁለት ነገሮች ብቻ ነፃ ናቸው፦ ሁሉም የሚገባበት ዋና ንግግርና የጋራ ጥያቄያችሁን የሚመለከት አንድ ወርክሾፕ።

4. ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለተኛ ምርጫ ጻፉ። የክፍሉን ቁጥርና ፎቅም ጻፉ። ሁለት ሕንፃ የሚያራርቃቸው ገለጻዎች መካከል አምስት ደቂቃ ብቻ ካለ አንዱን ተዉት።

5. እያንዳንዱ ሰው በየግማሽ ቀኑ አንድ ባዶ ሰዓት ይኑረው። ይህን አትሰርዙት። ማስታወሻ የሚስተካከለው፣ ኤግዚቢሽኑ የሚታየው፣ ከአቅራቢ ጋር የሚወራው በዚያ ሰዓት ነው።

የገለጻ ዓይነቶችን ለዩ። ዋና ንግግር ሰፊ ሐሳብ ይሰጣል፤ ለነገ ክፍል የሚሆን ዘዴ አትጠብቁበት። ወርክሾፕ ላይ እጃችሁ ይሠራል፤ ለክፍል የሚሆነው አብዛኛው ነገር ከዚያ ይገኛል። የምርምር ገለጻ ማስረጃ ያሳያል። የአሳታሚዎች ገለጻ ደግሞ መጽሐፍ ለመሸጥ ነው። መግባት ክልክል አይደለም፣ ጥሩ ጥሩዎችም አሉ፤ ነገር ግን የአቅራቢውን ድርጅት ስም አይታችሁ አውቃችሁ ግቡ።

*ክፍሉ ሞልቶ ቢያጋጥማችሁስ?* በር ላይ አትቁሙ። ወዲያውኑ ወደ ሁለተኛ ምርጫችሁ ሂዱ፤ ማታ ለመጀመሪያው ገለጻ አቅራቢ ስላይዱን እንድትልክላችሁ ጻፉ። *ገለጻው ከአብስትራክቱ ጋር ባይገናኝስ?* አሥር ደቂቃ ስጡት። ከዚያ በጸጥታ ውጡ። ለዚህ ሲባል መጀመሪያውኑ በር አጠገብ ተቀመጡ። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ታዳሚው በቡድን ከተከፈለ በኋላ አትውጡ፤ የጓደኞቻችሁን ሥራ ታጎድላላችሁ።

ደረጃ 6፦ የምትይዙት

ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ። አዳራሽ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል የሚደረብ ልብስ። ብዙ ስለምትቆሙ የለመዳችሁትን ጫማ፤ አዲስ ጫማ ይቅርባችሁ። የፕሮግራሙንና የሰንጠረዣችሁን የታተመ ቅጂ። የጉባኤው አፕሊኬሽን ካለ ከቤት ሳላችሁ አውርዱት። የማረፊያችሁን አድራሻ በወረቀት ያዙ። በቃ።

ደረጃ 7፦ የገለጻው ክፍል ውስጥ

*ማስታወሻ።* ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው አቅራቢዋ ያለችውን ጻፉ። በሁለተኛው በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ትምህርት ላይ እንደምትሞክሩት ጻፉ። በሦስተኛው ምን ሊያደናቅፋችሁ እንደሚችል ጻፉ፦ ጊዜ፣ የተማሪ ብዛት፣ ዕቃ፣ ፈተና። ሁለተኛው ዓምድ ገጹን ሙሉ ባዶ ከሆነ ገለጻው ለእናንተ አልነበረም ማለት ነው።

*ፎቶ።* ስላይድ ሁሉ አታንሱ። ያነሳ ሰው አይጽፍም፣ ያልጻፈ ሰው አያስብም፣ ፎቶውንም ተመልሶ አያየውም። የመልመጃ ናሙና የያዘውን ስላይድና የአቅራቢዋን አድራሻ ብቻ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ አንሱ።

*በወርክሾፕ ውስጥ ተማሪ ሁኑ።* መልመጃ ሲሰጥ አስተማሪ ነኝ ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትመልከቱ። ሥሩት። መመሪያው የት ላይ እንደሚያደናግር፣ ጊዜው የት ላይ እንደሚያጥር የሚታወቀው ሲሠሩት ነው። ተማሪዎቻችሁም እዚያው ቦታ ላይ ይደናገራሉ።

*ጥያቄ።* የሚያስተምሩትን ቋንቋ በልጅነታቸው ያልተናገሩ መምህራን ብዙ ጊዜ ለመጠየቅ ይፈራሉ። «ብሳሳት ‘ይህም ቋንቋ አስተማሪ ነው?’ ይሉኝ ይሆን?» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ብዙ ጥሩ ጥያቄ አፍኗል፤ ያሳዝነኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥያቄውን ጻፉትና ከደብተራችሁ አንብቡት። ማንም ስህተት አይቆጥርም። አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ክፍላችሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄ፤ ከዚያ ተቀመጡ። የራሳችሁን ገለጻ አትጀምሩ።

*መመርመር።* ጉባኤ ላይ የተነገረ ሁሉ እውነት አይደለም። ለምሳሌ ተማሪዎችን «በማየት የሚማር»፣ «በመስማት የሚማር»፣ «በመንካት የሚማር» ብሎ ከፍሎ ለየቡድኑ ለየብቻ ማስተማር አሁንም በየመድረኩ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የታወቀ የምርምር ግምገማ ግን እንዲህ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። «ይህ ዘዴ ተማሪዎቼን ለወጠ» ሲባል ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ተማሪ ነበር? ለምን ያህል ጊዜ? ከምን ጋር ተወዳደረ?

አሳታሚዎችም ዘንድ እንዲሁ። «መጽሐፋችን ከአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች ማዕቀፍ ጋር የተጣጣመ ነው» ይሏችኋል። ማዕቀፉ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሲሆን ችሎታን ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻሻለ ማሟያ ወጥቶለታል። «ማጣጣሙን ማን ሠራው? እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽፋኑ ላይ ቢ1 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የሚያስረዳ ሰው ካገኛችሁ መጽሐፉን በደንብ ተመልከቱት።

ደረጃ 8፦ የሻይ ሰዓት

እዚህም ተለያዩ። ባልደረቦቻችሁን ትምህርት ቤት ታገኟቸዋላችሁ። ከማታውቁት ሰው ጋር ለማውራት ብልጠት አያስፈልግም፤ «ከየትኛው ገለጻ ነው የወጣሽው? ጥሩ ነበር?» ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው በቀን ከሁለት አዲስ ሰዎች ጋር ይነጋገር። ከሁለት በላይ ሲሆን ስም ይምታታል።

አቅራቢ ስታገኙ የሚጠቅማችሁ ጥያቄ ይህ ነው፦ «መጀመሪያ ስትሞክሩት ምን አልሠራም ነበር?» መድረክ ላይ የማይነገረው ነገር በዚህ ይወጣል። ስልክ ወይም ኢሜይል ከተለዋወጣችሁ ምን እንደተነጋገራችሁና ምን ለመላክ ቃል እንደገባችሁ ወዲያው ጻፉ። ቃል የገባችሁትን በሳምንት ውስጥ ላኩ።

ደረጃ 9፦ የማታው ግማሽ ሰዓት

በየቀኑ ማታ ተሰብሰቡ። ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. እያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይናገር፦ አንድ የሚሞከር ነገርና አንድ ጥርጣሬ። ገለጻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትተርኩ።
2. አንድ ሰው ይጻፍ። በየማታው ጸሐፊው ይቀየር።
3. የጋራ ጥያቄያችሁ ላይ አዲስ ነገር ተገኝቷል? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
4. የነገውን ሰንጠረዥ አስተካክሉ።

ኃላፊያችሁ አብሯችሁ ካለ መጀመሪያ የሚናገረው በሥራው አዲስ የሆነው ይሁን፤ ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር። ኃላፊ ቀድሞ «ይህ ለእኛ አይሆንም» ካለ ሌላው አፉን ይይዛል።

*ሁሉም ደክሞት መሰብሰብ ቢያቅታችሁስ?* እያንዳንዱ ሰው የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ይላክ። ለነገ ካላችሁ ግን ዕቅዱን ውሃ በላው፤ ነገ የዛሬው ይረሳል። *አንዱ ባልደረባ ገለጻ እየተወ ወደ ከተማ ቢጠፋባችሁስ?* ማታ ላይ በሰው ፊት አትውቀሱት። የተሻለው ግን ከመነሳታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ቀን ነፃ መስጠት ነው። መቼ እንደሆነ በሰንጠረዡ ላይ ይጻፍ፤ ያኔ ማንም አይደበቅም።

ደረጃ 10፦ ከመመለሳችሁ በፊትና በኋላ

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሰርተፍኬታችሁን ያዙ፤ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዚያው አረጋግጡ። ከወር በኋላ በኢሜይል ማስተካከል አሰልቺ ነው። ደረሰኞቻችሁን አንድ ፖስታ ውስጥ ሰብስቡ፤ ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሷቸው።

በጉዞ ላይ ሳላችሁ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይምረጥ። አንድ ብቻ። የትኛው ክፍል፣ የትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ቀን እንደሚሞክረው ይጻፍ። ቀኑ ከተመለሳችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ይሁን። ቀን የሌለው ዕቅድ በፈተና እርማት ተውጦ ይቀራል። አምስት አዲስ ነገር ይዞ ክፍል የሚገባ መምህርም ተማሪዎቹን ያደናግራል፤ የትኛው እንደሠራም ራሱ አያውቅም።

ስትሞክሩት አንድ ባልደረባ ከኋላ ይቀመጥ። ሥራው እናንተን መገምገም አይደለም። ሦስት ተማሪዎችን መርጦ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ይጻፍ። ለምሳሌ ጥያቄያችሁ የጥንድ ንግግር ከነበረ፣ ሦስቱ ተማሪዎች ለምን ያህል ጊዜ በሚማሩት ቋንቋ እንደቆዩ ይመዝግብ።

ላልሄዱት መምህራን ሪፖርት አታንብቡ። ሃያ ደቂቃ ወስዳችሁ መልመጃውን በእነሱ ላይ ሥሩት፤ እነሱ ተማሪ ይሁኑ። ኃላፊው የጽሑፍ ሪፖርት ከፈለገ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ጥያቄያችን፣ ያገኘነው፣ የሞከርነው፣ የቀረው።

*ክፍል ውስጥ ባይሠራስ?* የመጀመሪያው ሙከራ አለመሥራቱ የተለመደ ነው። ወዲያው አትጣሉት። የት ላይ እንደተበላሸ ለዩ፦ መመሪያው አልገባቸውም? ጊዜው አጠረ? የቃላት ዝግጅት አነሰ? ጥንዶቹ አልተመጣጠኑም? አንዱን ብቻ ቀይሩና በሌላ ክፍል ድገሙት። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ያስተካከለው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ሁለተኛውም ካልሠራ ለአቅራቢዋ ጻፉ። ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ምን እንዳደረጋችሁና የት ላይ እንደቆመ በአምስት ዓረፍተ ነገር ንገሯት። ገለጻውን ሰምቶ ሞክሮ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ መልስ የማግኘት ዕድላችሁ ጥሩ ነው። በሁለት ሳምንት ካልመለሰች አንዴ አስታውሷት፤ ከዚያ ከማስታወሻችሁ ሁለተኛውን ዓምድ ተመልክታችሁ ቀጣዩን ሐሳብ ምረጡ፣ አዲስ ቀንም ጻፉበት።